የባሕር ማዶው አጎት

ውድ እትዬ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ቆመሽ ካነበብሽው ጉልበትሽ ይከዳሽ ይሆናል። ደግሞ «ማንን አስጽፎ ነው?» እንዳትዪ፤ እጁም ቃሉም የኔው ነው። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብሎኛል። ምን ለማለት እንደፈለገ አልጠየቅኩትም፤ ሙገሳ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

የልጅሽን ሠርግ ከአክስታችን ሰማሁ። ለአማቾችሽ «ወንድሜ ባሕር ማዶ ነው ያለው» እንዳልሻቸውም ነገረችኝ። ተባረኪ! ፓስፖርት ሳላወጣ ከአገር አስወጣሽኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ደወልሽና «የሠርጉን ቀን ድብቅ በልልኝ፤ ዘር አታሰድብ» አልሽኝ። እኔ ነገር የማያልቅብኝ ሰውዬ ያን ቀን አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

አሁን ግን ወጥታለች። እንዴት እንደወጣች ልንገርሽ።

«ከእብድ ጋር እየዋልክ ልትባባስ ነው» ያልሽውን ቦታ አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ አላየሽውም። ክፍሏ ከምታከምበት ክሊኒክ ጀርባ ናት፤ መስኮቷ አይዘጋም፣ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። መቀመጫቸው ተቀዳዶ ስፖንጁ ተዘርግፎ ነበር፤ አዲስ ጨርቅ የወጠርኩላቸው እኔ ነኝ፤ የሚኒስትር ወንበር አስመስዬልሻለሁ። እዚያ የምንቀመጠው፣ እኔ፣ አንዲት መምህርት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጡረተኛ ሾፌር፣ ሌሎችም፣ ሁላችንም ስኪዞፍሬኒያ ያለብን ነን። ኪኒናችንን እንውጣለን፣ እንነጋገራለን፣ ከክሊኒኩ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ደግሞ ልምምድ እንሠራለን። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ አንዱ እንግዳ ሆኖ ፊት ለፊትሽ ይቀመጣል፤ ሌላው ከኋላሽ ቆሞ ጆሮሽ ውስጥ የሚናገረውን ድምፅ ይሆናል። አንቺ ድምፁን እየሰማሽ ከእንግዳው ጋር ጨዋታሽን መቀጠል አለብሽ።

ተራው የኔ ሆነ። «ሠርግ ልሂድ ነው» አልኩ። መምህርቷ የሙሽራው እናት ሆና ተቀመጠች። ድምፅ እንዲሆን የወጣው ልብስ ሰፊው ነው፤ ለሰው ክፉ ቃል መናገር የማያውቅ ፍጥረት። ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«አንተ... ይቅርታ አድርግልኝና... እምብዛም አትረባም። ካልከፋህ» አለኝ።

ጡረተኛው ሾፌር ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ኧረ በፈጠረህ! ድምፅ ነህ ወይስ የሆቴል አስተናጋጅ? እንዲህ ያለ ድምፅማ ለኔም በሰጠኝ!»

ባለሙያዋ ራሷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ያንተ ድምፅ የሚልህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳቸው። ሾፌሩ ብድግ አለና ልብስ ሰፊውን በትከሻው ገፋ አድርጎ ከኋላዬ ቆመ። አውቶቡስ ሙሉ ተሳፋሪ ጸጥ ሲያሰኝበት በኖረው ጉሮሮው «ድብቅ በል! ዘር አታሰድብ!» አለኝ።

እትዬ፣ ሳቁ ድርግም አለ። በሽታውን አንቺ አመጣሽው አልልሽም፤ ባለሙያዋም እንደዚያ እንዳልሆነ አስረድታናለች። ግን ድምፁ ቃል ሲያጣ ከማን እንደሚዋስ ያን ቀን ገባኝ። የተዋሰው ካንቺ ነው።

ሳልዞር መለስኩለት። «ሰምቼሃለሁ። እንግዳ እያነጋገርኩ ነው፤ ቆይ!»

መምህርቷ የአማች ፊቷን አኮሳትራ «ለመሆኑ አንተ የሙሽራዋ ምኗ ነህ?» አለችኝ።

«አጎቷ ነኝ። ሶፋ እሠራለሁ። ስኪዞፍሬኒያ አለብኝ፣ መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ውሃ ላምጣልዎት?»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። መምህርቷ «ውሃውን አምጣልኝ፤ ልጄንም ድሬልሃለሁ» አለችኝ። ሾፌሩ ደግሞ ከኋላዬ ወጥቶ አንገቴን አቀፈኝ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ያባብሱሃል ያልሽኝ።

ስለዚህ እመጣለሁ። ፈቃድ እየጠየቅኩሽ አይደለም፤ ቀድሜ እያስታወቅኩሽ ነው። ምናልባት ድምፁም አብሮኝ ይመጣል። ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ በየትኛው ሠርግ ጠፍቶ ያውቃል? ከጓሮ ወንበር እንዳታዘጋጂልኝ፤ ከምሰሶ ጀርባም አልቀመጥም። አማቾችሽ ከጠየቁኝ መምህርቷን የመለስኩላትን እመልስላቸዋለሁ፤ ውሃውንም አመጣላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጅሽ ሁሉንም ታውቃለች። ከእጮኛዋ ጋር ሱቄ ድረስ መጥታ «አጎቴ፣ የምንቀመጥበትን ሶፋ አንተ ካልሠራኸው ቆሜ ነው የምዳረው» አለችኝ። ሠርቼዋለሁ። እንኳን ሙሽራ ንጉሥ ቢቀመጥበት አልነሳም ይላል። እንግዳው ሁሉ ጨርቁን እየዳበሰ «ይሄ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ መልስ ፍለጋ አትጨነቂ። አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ እኔው እመልሳለሁ።

ባሕር አይቶ የማያውቀው ወንድምሽ