ከአዳራሹ ስለተላከልን ጎርፍ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ለጓድ ሰጠኝ አረጋ
ላሊበላ፣ ሐምሌ 1971 ዓ.ም.

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ደረቅ ስፍራ ይድረስዎ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለቤትዎም ግድግዳ ብርታት እየተመኘሁ፣ እኛ ከጉልበታችን በታች ካለው ርጥበት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና መሆናችንን በትሕትና አስታውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለመዳፈር አይደለም፤ ከዚህ ቀደም ለቢሮዎ የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ መንገድ ስለጠፋባቸው፣ ይህኛው እንኳ ሕዝብ እያየው ይደር ብዬ ነው።

አስቀድሜ ከቤቴ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ስለተሠራልን የስብሰባ አዳራሽ አመሰግናለሁ። አዲሱ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ከሩቅ ይታያል። ምናልባት ለእርስዎ ያልተነገረዎ፣ በዚያ ሜዳ መካከል አባቶቻችን ከቋጥኙ ፈልፍለው ያወጡት ቦይ እንደነበረና የተራራውን ጎርፍ ቤቶቻችንን ሳያስነካ ወደ ገደሉ ይወስድ እንደነበረ ነው። በመጋቢት ዘመቻ ቦዩ የፊውዳል ሥርዓት ቅሪት ነው ተብሎ በድንጋይና በአፈር ሲደፈን ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ደግፏል። ውሃው ግን በስብሰባው ላይ ስላልተገኘ ውሳኔውን አልሰማም። እነሆ ክረምቱ ከገባ ወዲህ የተራራውንና የቆርቆሮውን ደርቦ በቤቴ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት አመለክታለሁ፦

1ኛ) ቤቴ እንደሚያውቁት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው ያድርበታል። አሁን ጭቃው ከድንጋዩ መካከል እየታጠበ ወጥቶ፣ በሜዳው በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ አብጧል። ላሟን ጎረቤት ወስደን አስጠግተናል፤ በምድር ቤቱ ያስቀመጥነው የዘር ገብስም በያለበት በቅሏል። ይህን የምጠቅሰው ለማማረር ሳይሆን፣ ያለ በሬና ያለ ማረሻ በቤት ውስጥ ገብስ ማብቀል በዕቅድ ያልተያዘ የምርት እድገት በመሆኑ በሪፖርትዎ ውስጥ እንዳይዘነጋ ነው።

2ኛ) ቦዩን ልከፍት ዶማ ይዤ ብወጣ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች የሕዝብ ንብረት ሊያበላሽ ነው ብለው ይዘው በቀበሌ አሳድረውኛል። ስለ ማደሪያው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከቤቴ ይልቅ ደረቅ ነበር።

3ኛ) ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ መቋቋሙን ሰምቼ ተደስቻለሁ። ኮሚቴው ጭቃው ሲደርቅ፣ በጥቅምት ወር፣ መጥቶ ጎርፉን ሊመለከት ቃል ገብቷል። ያን ጊዜ ውሃ ስለማይኖር ምርመራው ያለ አንዳች እንቅፋት እንደሚካሄድ አልጠራጠርም።

4ኛ) ባለቤቴ ይማርሽ አራስ ናት። አልጋዋ ካበጠው ግድግዳ በላይ፣ በፎቁ ላይ ነው። እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና፣ አራስ፣ ልጇ ክርስትና ሳትነሳ፣ ከቤቷ እንደማትወጣ አይጠፋዎትም። አክስቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ እሳቸው ቤት ሊወስዷት ቢለምኗት፣ ያልተጠመቀች ልጅ ታቅፌ በጎርፍ መካከል አልሄድም ብላ እምቢ ብላለች። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር እኔ ምድር ቤት ወርጄ ግድግዳውን በመዳፌ እየዳበስኩ እቆማለሁ፤ እሷ ከላይ ሆና እንዴት ነው ብላ ስትጠይቀኝ ደኅና ነው እላታለሁ። ደኅና አይደለም። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እፈራለሁ፤ ስለዚህች ተራ ቁጥር የምቀልድበት አንደበት የለኝም።

የምለምነው ቦዩን እንድከፍት ፈቃድዎን ብቻ ነው። ዶማው የራሴ ነው፤ ጎረቤቶቼም በጉልበታቸው ሊያግዙኝ ተዘጋጅተዋል። የድሮው ስሙ የሚያሳፍር ከሆነ አብዮታዊ ቦይ ብለው ሰይመው ሪባን ቢቆርጡለት አንቃወምም፤ ቆመን እናጨበጭባለን።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ እኛም ከጎርፉ እንቅደም።

ለአመራርዎ ያለው አክብሮት ከውሃው ጋር በየዕለቱ ከፍ የሚል፣ በቅርብ ክትትልዎ ሥር በመስጠም ላይ የሚገኝ ታዛዥዎ፣
መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ደባሱ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ከቤት ሳልወጣ ግድግዳው መሰንጠቅ ስለጀመረ፣ ጎረቤቶች ደርሰውልን ይማርሽን ከነልጇ፣ ከነአልጋዋ ተሸክመን አወጣናት፤ ከደጃፉ ገና ፈቀቅ ስንል ቤቱ ወደቀ። በአቅራቢያው የነበረው ደረቅ ጣሪያ የእርስዎ አዳራሽ ብቻ ስለሆነ አልጋውን በመድረኩ ላይ አድርገነዋል፤ መፈክር የተጻፈበትን ቀይ ጨርቅም ሴቶቹ ለመጋረጃ ተጠቅመውበታል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የአብዮቱ በዓል ደግሞ ከዚያ በፊት ይውላል፤ ስለዚህ እስከ ክርስትናዋ ድረስ ስብሰባዎን ከደጅ፣ በደፈኑት ቦይ ላይ ቆመው እንዲያካሂዱልን እንለምናለን። ወይዘሮ ደብሪቱ በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሊያስወጡን ከመጡም እባክዎ ጥበቃዎቹ በቀስታ ይራመዱ፤ ልጅቱ ገና አሁን ነው የተኛችው።