የምሽግ ሰፈር አራተኛ ምስክር

እኔ ወይዘሮ ፋንቱ ደምሴ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቦናዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ከአቦቦ ወዲያ በጊሎ ወንዝ ዳር ባለው ምሽግ ሰፈር፣ በገዛ ደጄ ተቀምጬ ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ።

ሰፈራችን የበቀለው በድንበር ጠባቂው ጦር ምሽግ ጥግ ነው። እኔ ከጎጃም መጥቼ ለወታደሩ ጠላ ስጠምቅ፣ ኡሞድ ዓሣ ሲያቀርብ ተዋወቅን፤ ተጋባንም። ነፍሱን ይማረው፣ ክፉ አልተናገረኝም። ጦሩ ሲለቅ አዛዡ «እንመለሳለን» አለን። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ። ዘራፊ ከማዶ እየተሻገረ ከብቱን ነዳ፤ ጎረቤቱም ቤቱን እያፈረሰ ወደ አቦቦ ተሰደደ።

ልጄ አኳይ፣ በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ሥራ ከያዝክ ወዲህ «መንገዱ ሲደርቅ እመጣለሁ» ትላለህ። መንገዱ ስንቴ ደረቀ! አዝኜብሃለሁ፤ ግን አልረግምህም። የአባትህ ታንኳ የአንተ ነው፤ ሳይበሰብስ ከደረስክ።

ይህን ቃሌን የሚጽፍልኝ አሥር አለቃ ሩፋኤል ጦሩን ተከትሎ መሄድ ሲችል እኛን ብሎ ቀርቷል። ምስክር ስለሆነ አላወርሰውም። ምስጋናዬን ግን ሕግ አይከለክለኝም፤ ጻፈው፣ አትለፈው።

ልጄ ኛኳች፣ ቤቱን አውርሼሻለሁ፤ እንድትኖሪበት ግን አይደለም። ቆርቆሮውን አስነቅለሽ፣ በሩን አስጭነሽ አቦቦ ሥሪበት። ማንጎዎቹን ለዝንጀሮ ተዪ። መቃብሬን ልጠብቅ ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ሬሳ የሚዘርፍ የለም። ሞት አላስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ የአንቺ እዚህ ብቻሽን መቅረት ነው።

በምሽጉ በር የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ጦሩ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ ይመታል። በየቤቱ ያለ ሰው በሰላም መግባቱን ሊያስታውቅ «አለን!» ብሎ ይመልሳል። ድሮ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ መልሱ ከእነዚህ ምስክሮችና ከልጄ አያልፍም። ስሞት ቸርኬውን ጊሎ ውስጥ ጣሉት፤ መንገደኛ መትቶት መልስ እንዳይጠብቅ።

ተናዛዥ፦ ፋንቱ ደምሴ፣ የአውራ ጣት አሻራ

ምስክሮች፦
አሥር አለቃ ሩፋኤል፣ ጡረተኛ፣ የዚህም ቃል ጸሐፊ፣ ፊርማ
ወይዘሮ ኛቶክ፣ ጎረቤት፣ የአውራ ጣት አሻራ
አቶ ሉዋል፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የአውራ ጣት አሻራ

አራተኛ ምስክር፦ ሕጉ አራት ይላል፤ ወራሽም አይመሰክርም። የሄዱት አንዳንዴ የተዉትን ማሳ ሊያዩ ብቅ ይላሉና፣ ምናልባት የመጣ ቢኖር ብለን ቸርኬውን መታን። ቆይተን ደግመን መታን። ከጓሮ «አለን!» ብላ የመለሰችው ኛኳች ብቻ ናት።