ከአጥሩ ጀርባ ያለው ድምፅ

ለውድ ወንድሜ ለሌንጮ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? የጁባ ሙቀት አከሳህ ወይስ ሚስትህ ፀሐይነሽ እንደ ወትሮዋ እያወፈረችህ ነው? ትንሿ ሄሊናስ ጥርስ አወጣች? እኔና አባዬ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን እንዳልልህ ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ የፊልም ሥልጠና ስጀምር የሳቅህብኝን አልረሳሁትም። ለመመረቂያ አጭር አስፈሪ ፊልም ሥሩ ተባልን። አስተማሪያችን ጋሽ ግርማይ፣ አስፈሪውን ነገር አታሳዩን፣ አሰሙን፤ ሰው ያየውን ይለምደዋል፣ የሰማውን ግን ጭራቅ አድርጎ የሚሠራው ራሱ ነው ይለናል። እኔም አንዲት ሴት ወጥ ቤት ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ቀረጽኩና ከውጭ የጅብ ድምፅ አስገባሁበት። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። በጣም ተናደድኩ።

ሌላ ድምፅ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የጎረቤታችን የነደቻሳ ቤት መፍረሱን ሰምተሃል። አሁን ዶዘሩ ከአጥራችን ጀርባ ፍርስራሹን ይጠርጋል። የኛም አጥር ላይ ቀይ ምልክት ተደርጓል፤ ተራው የኛ ነው። ድምፁን በስልኬ ቀዳሁና ፍጥነቱን ቀንሼ ፊልሙ ውስጥ አስገባሁት። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ሴትዮዋ ለቀማዋን ታቆማለች። ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

እሑድ ዶዘሩ በማይሠራበት ቀን ድምፁን በስፒከር ከፍቼ ሳስተካክል ቆይቼ ገና እንዳጠፋሁት አባዬ ከመኝታ ቤቱ ወጣ። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ የግቢውን በር ከፍቶ ደጁ ላይ ተገተረ። ሮጬ ሄጄ፣ አባዬ፣ ድምፁ ከኮምፒውተሩ ነው አልኩት። አልተቆጣኝም። ሲጮህማ ሌላ ቦታ እየሠራ ነው፣ እኔ የምፈራው ጸጥ ሲል ነው፤ እነደቻሳ ጋ ሲመጡም መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ነው ወርደው ውጡ ያሏቸው አለኝ። እኔ አለቀስኩ።

ፊልሙን በዚያው ጨረስኩት። ድምፁ ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ ድንገት ቀጥ ይላል። ሴትዮዋ ወደ በሩ ትዞራለች። አለቀ። ለክፍሉ ሳሳየው በዚህኛው የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ግርማይ ከየት አመጣሽው ቢለኝ፣ ከቤት አልኩት።

ሌንጮዬ፣ አባዬ አንተ ሳትመጣ ከዚህ ደጅ አልነቃነቅም፣ ከፈለጉ በላዬ ይሂዱበት ብሏል። እልኸኛነቱን ታውቃለህ፤ የኔን ቃል ከቁብ አይቆጥረውም። እጁን ይዘህ የምታወጣው አንተ ብቻ ነህ። ከሥራህ አስፈቅደህ ቶሎ ድረስልን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። በስልክ ያልነገርኩህ አባዬ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ደብዳቤውን ነገ ወደዚያ የሚመለሰው ኦላና ያደርስልሃል።

ፀሐይነሽን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ሄሊናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባዬም እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በርትተህ ሥራ፣ እኔ ደህና ነኝ በይው ይለኛል። ይህን ስጽፍልህ ዶዘሩ ከጠዋት ጀምሮ እያጓራ ነው፤ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። እንዲህ እየጮኸ እንዲውል እየጸለይኩ ነው።

ሌንጮ፣ አሁን ቆመ። አባዬ ጋቢውን እየደረበ ነው።

እህትህ ፌናን
ሳሊተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 2004 ዓ.ም.