ከጣርማ በር የወረደው ጀሪካን

ውድ ወንድሜ አብዱልመሊክ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እማዬ አልሐምዱሊላህ ድናለች። ይህን ያስቀደምኩት በድንጋጤ ሌላውን ሳታነብ እንዳትቀር ነው። ስልክ ስደውል ስለማታነሳ ወደ ሎጊያ በሚሄድ ሹፌር እጅ ላክሁልህ።

አተት ሰፈራችን መግባቱን ሰምቼ ከአጣዬ ስደርስ እማዬን ጤና ጣቢያው ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። ግሉኮስ ተሰክቶላታል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። ከጎኗ የጎረቤታችን የእትዬ ራቢዓ ልጅ ሰሀር ተኝታ ነበር። ሰሀር አልተነሳችም። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው አንተ ስትጠብቀው ከነበረው ታንከር ነው፤ አንተ ደግሞ በሽታው በገባ ሰሞን ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ።

ቤት ስገባ ጓዳው በቢጫ ጀሪካን ተሞልቷል። እማዬን ብጠይቃት፣ ከጎርፉ ወዲህ አንተ ከጣርማ በር በሚወርድ አይሱዙ የምንጭ ውሃ ታስመጣላት እንደነበር ነገረችኝ። የቧንቧው ጨው ጨው ይላል፣ ለደም ግፊትሽ አይሆንም ብለሃታል። ኧረ አብዱልመሊክ! ያ ውሃ ከልጅነታችን ጀምሮ ጨው ጨው ይላል። ምላስህ ዘንድሮ ነው የነቃው?

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ። ወደ ታንከሩ ወጣሁ። ከታንከሩ የሚወርደው ቱቦ ወንዙ ዳር ተሰብሮ በጎማ ቁራጭ ታስሯል፣ ዙሪያውን ጎርፍ ያመጣው ቆሻሻ ውሃ ተኝቶበታል። ቋጠሮው አባባ የግመል ጭነት ሲያስር ያስተማረን ነው። ስብራቱን ለቀበሌው አሳይቼ ውሃውን አስዘግቻለሁ። ማን እንዳሰረው ግን ከእማዬ በቀር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

እማዬን፣ አብዱልመሊክ ስብራቱን ያውቅ ነበር ብላት ተቆጣችኝ።

«ቢያውቅ ኖሮ የውዱእ ውሃዬን ከዚያ ቧንቧ ስቀዳ ዝም ይለኝ ነበር? አንቺ ድሮም ጠርጣራ ነሽ» አለችኝ።

ይኼኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ለመጠጧም ለወጧም አስበሃል። በማንቆርቆሪያ እየቀዳች በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የምትጉመጠመጠውን ግን ረሳኸው። የሚሰግድ ሰው ይህን አይረሳም። ጁምዓ መስጊድ ነበርኩ እያልካት ጫት ቤት እንደምትውል እሷ አታውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ነፃ ያወጣችህ በመሰላት ነገር ነው የያዝኩህ።

ምናልባት ከሥራ እባረራለሁ ብለህ ፈርተህ ይሆናል። ምናልባት ክሎሪኑ ይበቃዋል ብለህ ይሆናል። አላውቅም። ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ ግን አላምንህም።

ትናንት እትዬ ራቢዓ ለእማዬ አጥሚት ይዘው መጡ። በልጃቸው ሐዘን ላይ ሆነው እኮ ነው። ጀሪካኖቹን አይተው ለማን እንደሆኑ ጠየቁ፣ እማዬም ልጄ ነው የሚያስመጣልኝ አለቻቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልህ።

«ሰሀሬም እንዲህ ያለ ወንድም ቢኖራት ኖሮ» አሉ።

አሚን ማለት አቃተኝ።

የሰሀር የአርባ ሰደቃ ሳይደርስ ና። ፊት ለፊታቸው ተቀምጠህ አንተው ንገራቸው። ካልመጣህ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ወላሂ። እሳቸው ቤት የምትገባው ውዱእ አድርገህ ነው፤ ውሃውን አፍልቼ አቆይልሃለሁ።

እህትህ ፈይዛ