ወፍ የጠቆመችው ባለእጅ

ማክሰኞ፣ ወገዳ

ወፍ እንዴት ተደርጎ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል? ይህንኑ ለተከሳሹ ጠበቃ ሆኜ ችሎት ላይ ብናገር ዳኛው ሳቁብኝ። የባላምባራሱ የገብስ ክምር ተቃጠለ፤ አገሩ ለአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተከለከለ። የየራሱ ነዶ አውድማ ላይ ሆኖ ደመና ሲያንዣብብበት ሰው ምን ያድርግ? «ወፍ ነግራናለች፤ ታምሬ ነው» አሉ። ወፍ የሚሉት ስሙ የማይገለጥ ጠቋሚ ነው። ታምሬ ባለእጅ ነው፤ ማረሻቸውን ይቀጠቅጥላቸዋል፣ እነሱ ቡዳ ይሉታል። ዓቃቤ ሕጉ ደግሞ «እሳት የሚነደው እሱ ቤት ነው» ይላል። ኧረ በየቤቱ ምድጃ የለም እንዴ?

ረቡዕ

እስር ቤት ዋልሁ። ታምሬ ያን ሌሊት የት እንደነበር አልናገርም ብሎ ሲያደክመኝ ከርሟል። ዛሬ ሚስቱ ምስጢሩን አወጣችው። ክምሩ ሲቃጠል ውብነህ የሚባል ገበሬ እነሱ ዘንድ ነበር። ማረሻው እስኪደርስለት መሽቶበት፣ ራቱን በልቶ እዚያው አድሯል። ታምሬ «ዝም በይ አላልሁሽም?» ብሎ ተቆጣት። እኔ ከደስታዬ ብዛት ልጮህ ትንሽ ቀረኝ።

ሐሙስ

በበቅሎ ውብነህ ቤት ደረስሁ። ደግ ሰው ነው፤ ጠላ አስቀዳልኝ። ነገሩን ሳነሳ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። ለካ በጥር ሴት ልጁን ሊድር ነው! «ጌታዬ፣ ከቡዳ ቤት መብላቴ ከተሰማ ማን ይወስዳታል?» አለኝ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ በእመቤታችን አልሁት። በስንት መከራ «እመጣለሁ» አለ። ዓይኑ ግን ከመሬት አልተነሳም። ፈራሁ።

ዓርብ

መጣ። መስቀል ጨብጦ ማለና «የታምሬን ደጃፍ ረግጬ አላውቅም» አለ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ታምሬን ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ታምሬ ሲወስዱት ዘወር ብሎ «አይቀየሙት፤ የልጅ ነገር ነው» አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ውብነህን አንቄ ብገድለው ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ውብነህ ማደሪያዬ መጥቶ ቆሞ አለቀሰ። «ይግባኝ ይበሉ። ልጄን ልዳርና እውነቱን እናገራለሁ፤ በሐሰት ለመማሌም ልታሰር» አለኝ። ልሰድበው አፌን ከፈትሁ፣ ግን ብዕሬን አነሳሁ። ይግባኙን ጻፍሁ። ቀጠሮው ከሰርጉ ቢቀድምስ? አንዴ በሐሰት የማለን ሰውስ ማን ያምነዋል?

የታምሬ ሚስት ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ አገኘችኝ። «ታዲያ ምን እንጠብቅ?» አለችኝ።

«የውብነህን ልጅ ሰርግ» አልኋት። አንገቷን ደፍታ ገባች።