ዳዊቴን ከፓሊታና ተራራ ሥር ትቼ

ልጄ ማዕረግ፣ አምላከ ኡራኤል ሕንድ ድረስ ይከተልህ። እኛ ሻርሎይስ ቤታችን በደህና ገብተናል፤ ዝናቡም ናፍቆን ኖሮ ተቀብሎናል።

አንተን ልጠይቅ መጥቼ፣ ፈተና ላይ ሳለህ ከጎረቤቴ ከፍሬወይኒ ጋር ፓሊታና ሄድኩ፤ ነፍስ ላለመጉዳት ጉንዳን እንኳ የማይረግጡት፣ ጄይን የሚባሉት የሕንድ ምእመናን ወደሚሳለሙት ተራራ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቦርሳዬን እየጠቆሙ ቆዳ ተይዞ ወደ ላይ አይወጣም አሉኝ። የእናቴ ዳዊት ማኅደሩ ቆዳ ነው፤ ከእጄም ተለይቶ አያውቅም።

«እንመለስ» አለች ፍሬወይኒ።

«ለሞተ በግ የሚራራ ሰው ዳዊት አይሰርቅም» ብዬ ዳዊቴን ተሳልሜ ሰጠኋቸው። ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዳዊቱን ጠቀለሉልኝ።

ላይ ስደርስ ቃል አጣሁ፤ እኔ እናትህ! ተራራው ከተማ ነው፣ ነዋሪው ግን ቤተ መቅደስ ብቻ። እብነ በረዱን እንደ ጥልፍ ሠርተውታል። ሲመሽ ካህናቱም ሳይቀሩ ወርደው ሌሊቱን ለቅዱሳኑ ይተዉላቸዋል። እኛ ግን ሻርሎይስ በተከራየነው አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ሐሜታችን ስለማያልቅ ባለ አዳራሹ መብራት ያጠፋብናል። እዚያ ተራራው ላይ፣ ዝምታው ውስጥ፣ ዳዊቱን በቃሌ ደገምኩ።

ስወርድ ሽማግሌው ዳዊቴን ከነኩታው ሰጡኝ። ኩታውን ብመልስላቸው አልቀበልም አሉ፤ ቆዳ ስለነካው ይሁን ስለወደዱኝ እንጃ። እኔ ግን በደስታ አለቀስኩ።

ተራራን ያጸና ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ። አዲስ ነጠላ ልኬያለሁና፣ እባክህ ልጄ፣ ራስህ ሄደህ ሽማግሌውን አልብሳቸው። ቀበቶህን ግን ቤት ተወው።

እናትህ ብርነሽ