የተከረከመችው ጽጌረዳ

ሚክያስ፣

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እኔ ግን ወጊው ሆኜ ሳለሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልረሳሁም።

ለፈተና ቁጥጥር ወደ ሞርሲቶ እየሄድሁ ነው፤ መኪናው ደጅ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ዓርብ እመለሳለሁ። በርሜሉ ውኃ ሞልቷል።

ጽጌረዳዬን እንደ እንሰት ችግኝ ከጣሳዋ አውጥተህ፣ ሥሯንና ቅርንጫፏን ከርክመህ አዲስ አፈር ላይ ስትተክላት፣ «አንተ የገጠር ሰው፣ ከእንሰት በቀር ምን ታውቃለህ!» አልሁህ። አንተም «ጋሼ፣ ጣሳው ጠቧት ነበር። በእኛ በዱራሜ ችግኝ ሲዛወር ካልተከረከመ አይወፍርም» አልኸኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሰላምታ ነፈግሁህ፤ አንተ ግን በየማለዳው ውኃ አጠጣሃት። በመስኮት አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት አራት ቀንበጥ አውጥታ አገኘኋት! ስለ ተክል ያነበብሁት ጥቂት አይደለም፤ ደግነትን ግን የተማርሁት ተሰድቦም ውኃ ማጠጣቱን ካላቋረጠ ሰው ነው። እኔም ራሴ ትንሽ ሳልከረከም አልቀረሁም።

ዕቃህን አስረህ ሌላ ክፍል እየፈለግህ እንደ ሆነ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጣቢታ ነግረውኛል። መብትህ ነው።
ነገር ግን ቤቱ ያለ አንተ…
ሹፌሩ ተቆጣ።

ውኃዋን በልክ አድርግላት።
ይቅርታ አድርግልኝ።

ማርቆስ

(ከሥሩ፣ በእርሳስ፦)
ጋሼ፣ ዕቃዬን ፈትቻለሁ። ሚክያስ